ዝንፈት፣ ጥሰት፣ ቅጣት፦ የብሪጅ ጨዋታ ሕግጋት በአማርኛ ስያሜ ሚዛን

የጨዋታ ሕግ ሲተረጐም ተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለዕቃዎቹ ስም ነው። ካርታው ምን ይባል፣ ሰሌዳው ምን ይባል፣ ተጫዋቾቹ በምን ይጠሩ እያለ ይደክማል። በእኛ አስተያየት የዕቃ ስም ቀላሉ ክፍል ነው፤ ቢዋሱትም ቢፈጥሩትም ውሎ አድሮ ይለመዳል። ከባዱ ክፍል ጨዋታው በተዛነፈ ጊዜ ስለሚደረገው ነገር የሚናገረው ነው። ማን ሳተ? ማን ይወስናል? የተዛነፈውስ በምን ይቃናል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት ቃላት የማኅበረሰቡን የፍትሕ አስተሳሰብ ተሸክመው ስለሚመጡ፣ አንዱን ቃል ያለቦታው ማዋል ሕጉን ራሱን መለወጥ ይሆናል። ይህን ለማሳየት የመረጥነው ጽሑፍ የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2017 አሻሽሎ ያወጣው ባለ 93 አንቀጽ የውድድር ብሪጅ ሕግ ነው፤ በተለይም ስለ ካርታ እደላ ስሕተትና ስለ ዳኛ ብይን የሚናገሩትን አንቀጾች እንመለከታለን።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንግለጸው። አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በሰሜንና በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ይቀመጣሉ። 52ቱ ካርታ ተበውዞ ለእያንዳንዱ 13 ይታደላል፤ በመጀመሪያ ጫረታ ይካሄዳል፣ ቀጥሎ ካርታው ይጣላል። በክበብ በሚደረገው ውድድር አንድ ጊዜ የታደለው ካርታ ሳይደባለቅ፣ አራት ኪስ ባለው ሰሌዳ ውስጥ ተቀምጦ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል። ስለዚህ የአንዱ ጥንድ ውጤት የሚመዘነው በዚያው ጠረጴዛ ካለው ተጋጣሚ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ በሌላ ጠረጴዛ ያንኑ እጅ ይዘው ከተጫወቱት ጋር ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲለው እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

እንግዲህ አዳዩ ሁለት ካርታ ተጣብቆበት ለአንዱ 14፣ ለሌላው 12 ሰጠ እንበል። ሕጉ ይህን ስሕተት የሚያየው በታወቀበት ጊዜ መጠን ነው። ካርታው ለመጀመሪያ ጊዜ በታደለበት ጠረጴዛ ጫረታው ሳይጀመር ከታወቀ እንደገና ይበወዛል፣ እንደገና ይታደላል። የተሳሳተ እጅ የያዘ ተጫዋች በጫረታው ቃሉን ከሰጠ በኋላ ከታወቀ፣ ዳኛው እጁ ተስተካክሎ ጨዋታው ሊቀጥል ይችላል ብሎ ሲያምን ያስቀጥላል፤ ካላመነ የተስተካከለ ነጥብ ይሰጣል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ አንዱ ከ13 በላይ፣ ሌላው ከዚያ በታች ይዞ እንደ ነበረ ከተረጋገጠ ደግሞ ውጤቱ ይሰረዛል።

ይህ አሠራር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የቅርጫ ሥጋ ሲከፋፈል መደቡ በየፊናው ይደለደላል፤ አንዱ መደብ ጐድሎ ከተገኘ፣ ዕጣው ሳይወጣ ከሌላው ተነሥቶ ይሞላል፣ ወይም ሁሉም ፈርሶ እንደገና ይደለደላል። ዕጣው ከወጣና ሰው ድርሻውን ካነሣ በኋላ ግን «እንደ ገና እንደልድል» ማለት አይቻልም፤ የጐደለበት በሌላ መንገድ ይካሳል እንጂ። የብሪጁ የጫረታ መጀመሪያና የቅርጫው ዕጣ መውጫ አንድ ዐይነት ወሰን ናቸው። ከዚያ በፊት ያለው ስሕተት የሥራ ስሕተት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የመብት ጥያቄ ይሆናል። ተርጓሚ ይህን ወሰን የሚያሳይ ቃል ከቅርጫው ሜዳ ሊያገኝ ሲችል በሩቁ የሚፈልግበት ምክንያት አይታየንም።

ከዚህ ላይ ወደ ዋናው ሂሳችን እንገባለን። የአማርኛ የስፖርት ቋንቋ ባለፉት አሥርት ዓመታት የተቀረጸው በእግር ኳስ ነው። በብዙ በኩል የሚያኰራ ሥራ ተሠርቷል፤ «ከጨዋታ ውጭ»፣ «የማዕዘን ምት»፣ «የእጅ ውርወራ» የተባሉት ስያሜዎች ሰሚው ሳያስተውላቸው የሚገቡ፣ ለዛቸው የተጠበቀ ናቸው። ነገር ግን ስለ ሕግ መተላለፍ የሚናገረው ክፍል በሙሉ በወንጀል ቋንቋ ተዋጠ። የተደናቀፈው ሁሉ «ጥፋት»፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ሁሉ «ቅጣት» ተባለ። በእንግሊዝኛው ስሙ የቅጣት ሽታ እንኳ የሌለው፣ «ነጻ ምት» ከማለት የማያልፈው ምት በእኛ ዘንድ «ቅጣት ምት» ሆነ። ከዚያም የባሰውን ለመለየት ሲያስፈልግ «ፍጹም» የሚል ቅጽል ጨመርንበት። በእግር ኳስ ሜዳ ይህ ብዙ አልጐዳም፤ እግር የመታ እግር መቷልና። በብሪጅ ጠረጴዛ ግን ካርታ ተጣብቆበት 14 ያደለውን ሰው «ጥፋተኛ»፣ ዳኛው የሚያደርገውንም «ቅጣት» ማለት ሐሰት ነው።

የብሪጅ ሕግ ራሱ በዚህ ረገድ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው ክለሳ፣ ዳኛው ለተዛነፈ ነገር የሚወስደው ርምጃ ቀድሞ ይጠራበት የነበረው የቅጣት ቃል በአብዛኛው ቦታ ተነሥቶ፣ የማቃናትን ትርጉም በያዘ ቃል ተተካ። ቅጣት የሚለው ቃል በዋናነት የቀረው ለሥነ ሥርዓትና ለዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ይህ የቃል ለውጥ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ የነጥብ ማስተካከያን ዓላማ ሲያስረዳ፣ ባልሳተው ወገን ላይ የደረሰውን ጉዳት መካስና የሳተው ወገን በጥሰቱ ያገኘውን ጥቅም ማንሣት ነው ይላል። የተስተካከለውን ነጥብ ልክ ብንመለከት ይኸው ይታያል። ሰሌዳው ሊጫወቱበት የማይቻል ሲሆን ምንም ጉድለት የሌለበት ጥንድ ቢያንስ 60 በመቶ፣ በከፊል ጉድለት ያለበት 50 በመቶ፣ በቀጥታ ጉድለት ያለበት ቢበዛ 40 በመቶ ያገኛል። ስሕተቱ ከሌላ ጠረጴዛ የመጣ ከሆነ ሁለቱም ጥንዶች 60 በመቶ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ድምሩ 120 መሆኑ የሚያሳየው የአንዱ ትርፍ የግድ ከሌላው ተቀንሶ እንደማይመጣ ነው። ይህን «ቅጣት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ከ2007 በፊት ወደ ነበረው ሕግ ይመልሰናል።

ታዲያ ምን እንበለው? በእኛ በኩል ሦስት ቃላት እናቀርባለን። ማንም ሳይበድል፣ ሳያስብም፣ ከትክክለኛው አካሄድ የወጣው ነገር ሁሉ «ዝንፈት» ይባል። ከዝንፈቶች መካከል ተጫዋቹ ሕጉን በመተላለፉ የመጣው «ጥሰት» ይባል። ዳኛው ዝንፈቱን የሚያስተካክልበት ድንጋጌ ደግሞ «ማቃኛ» ይባል፤ የዘነፈ ይቃናልና ቃሎቹ እርስ በርስ ይጠራራሉ። «ቅጣት» እውነተኛ ቅጣት ለሆነው ብቻ ይቀመጥ። ሁሉም ጥሰት ዝንፈት ነው፤ ሁሉም ዝንፈት ግን ጥሰት አይደለም። ይህን የዘርና የቅርንጫፍ ዝምድና «ጥፋት» የሚለው አንድ ቃል ሊሸከመው አይችልም።

ልዩነቱ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አለመሆኑን ከጎንደር ደጋ በወሰድነው ምሳሌ እናስረዳ። በወገራ ወይም በዳባት የሁለት ገበሬዎች የድንበር ድንጋይ ከቦታው ተነሥቶ ቢገኝ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ድንጋዩን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ጐርፍ ወስዶት ይሁን፣ በሬ ገፍቶት ይሁን፣ ሰው ሆን ብሎ አንሥቶት ይሁን፣ የድንጋዩ መመለስ አይቀርም። «ድንበር ገፋህ» የሚለው ክስ፣ ካሳውና መቀጮው ከዚያ በኋላ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። ድንጋዩን መመለስ ማቃናት ነው፤ ሰውየውን ማስከፈል ቅጣት ነው። የተጻፈው ሕጋችንም ይህንኑ ያውቃል። ከሬኔ ዳቪድ የፈረንሳይኛ ረቂቅ ተተርጉሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1815 ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ ውሉ ባይደረግ ኖሮ ይኖሩበት ወደ ነበረው ሁኔታ እንዲመለሱ ያዛል። በዚያ ቦታ የቅጣት ቃል አልገባም፤ መመለስ እንጂ።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ መሻር የሚናገሩትን ቃላት ብናጠራ መልካም ይመስለናል። አማርኛ «ፈረሰ»፣ «ተሰረዘ»፣ «ተሻረ» የሚሉ ሦስት ግሦች አሉት፤ ተርጓሚዎች ግን እንደ አጋጣሚ ያቀያይሯቸዋል። የተሳሳተ እደላ ይፈርሳል፤ ካርታው ተመልሶ ይበወዛልና። የተመዘገበ ውጤት ይሰረዛል፤ ጽሑፍ ነውና። የዳኛ ብይን በይግባኝ ይሻራል፤ ሥልጣን ነውና። «ብይን» የሚለውን የመረጥነውም በችሎት ቋንቋ ከፍርድ በፊት በመካከል በሚነሣ ጉዳይ ላይ የሚሰጠውን ውሳኔ ስለሚያመለክት ነው፤ የብሪጅ ዳኛ የሚሰጠው ጨዋታው እንዲቀጥል የሚያስችል ውሳኔ ስለሆነ ከ«ፍርድ» ይልቅ ይስማማዋል።

እደላን የሚመለከተው ቃል ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። «አደለ» ካለው ግሥ «ዕድል» ይወጣል፣ «ታደለ» ይወጣል፣ «አዳላ»ና «አድልዎ»ም በድምፅ ይቀርቡታል። ስለዚህ በአማርኛ «አዳዩ ተሳሳተ» ሲባል በሰሚው ጆሮ ሦስት ነገሮች ያንዣብባሉ፤ የማከፋፈል ሥራው፣ ዕጣ ፈንታው፣ መድሎው። ይህ ለገጣሚ ሀብት፣ ለሕግ ተርጓሚ ግን ወጥመድ ነው። ካርታ ስንበውዝ የምናደርገው ዕድልን ከአድልዎ መለየት ነው፤ ብወዛው በሚገባ ከተከናወነ እደላው ለማንም አያዳላም። ሕጉም በቅደም ተከተል ከተደረደረ ጥቅል ሳይበወዝ የታደለ ካርታ ውጤቱ አይጸናም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። «በወዘ» በበኩሉ ከካርታ ጠረጴዛ ተነሥቶ ስለ ሹማምንት መቀያየር እስከ መነገር የደረሰ ብርቱ ቃል ነው፤ በእርሱ ምትክ ከግእዝ ሌላ ቃል መፍጠር ያለውን ሀብት መጣል ነው። «እደላ» ለድርጊቱ ብቻ ይዋል እንላለን። የሕጉ ጽሑፍ አንዱን ቃል ለማደል ድርጊትም፣ ለታደለው ካርታ ከነጫረታውና ከነአጨዋወቱም መጠሪያ አድርጎታል፤ ይህ በእኛ ግምት ጉድለት ነው። አማርኛው ሁለተኛውን «ሰሌዳ» ብሎ ሊለየው ይችላል።

አሁን ወደ ዳኛው እንምጣ። አንዳንዶች «ዳኛ» የሚለው ቃል ከፍርድ ቤትና ከእግር ኳስ ጋር ስለ ተጣበቀ «የውድድር መሪ» ወይም «አስተባባሪ» ይባል ይሉ ይሆናል። ክርክራቸው መሠረት አለው፤ የብሪጁ ዳኛ ፉጨት ይዞ የሚከታተል ሰው አይደለም፤ ውድድሩን ያደራጃል፣ ሰሌዳዎቹን ያዘዋውራል፣ ሲጠሩት መጥቶ ሕጉን ያስረዳል። ነገር ግን «ዳኛ» ከችሎትና ከሜዳ ሌላ ሦስተኛ ቤት እንዳለው የዘነጉ ይመስለናል፤ ይኸውም ዕቁብና ዕድር ነው። በጎንደር የቅዳሜ ገበያ እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ ሁሉ ዕቁብተኛ ዳኛና ጸሐፊ ይመርጣል። የዕቁብ ዳኛ ከማኅበርተኞቹ አንዱ ነው፤ ዕጣው በደንብ መውጣቱን ይቈጣጠራል፣ የተዛነፈ ሲኖር ያቃናል፣ ክርክር ሲነሣ ይሰማል። ከዚህ የበለጠ ለብሪጁ ዳኛ የሚቀርብ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ «ዳኛ» ይጽና፤ የሚመዘነው ግን በዕቁቡ እንጂ በኳስ ሜዳው አይሁን።

የዳኛ አጠራር ሌላ ጉዳይ ያስነሣል። ሕጉ ዝንፈት መኖሩ እንደ ተነገረ ዳኛው ወዲያው እንዲጠራ፣ እርሱም የማቃኛውን ነገር አስረድቶ እስኪጨርስ ማንም ተጫዋች አንዳች እንዳያደርግ ያዛል። በድሮው ሥርዓታችን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር፤ ኀይሉ ይኸው ነው። «ውሃ ሲጐድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚለው ምሳሌም ይስማማዋል። ይሁን እንጂ «በሕግ አምላክ» ክስ ነው፤ የብሪጁ ጥሪ ግን ክስ አይደለም፤ 14 ካርታ የያዘው ተጫዋች ራሱ ሊጠራ ይገባዋልና። በመሆኑም በትርጉሙ ውስጥ «ከሰሰ»ና «አመለከተ» የሚሉት ቃላት ባይገቡ እንመርጣለን፤ «ዳኛ ጠራ» ይበቃል።

እዚህ ላይ ባህልና ሕግ የሚጋጩበትን ቦታ ሳናመለክት ብናልፍ ሂሳችን ጐዶሎ ይሆናል። በእኛ ዘንድ «ግድ የለም፣ ይለፈው» ማለት የጨዋ ሰው ምልክት ነው። ተጋጣሚህ ሲሳሳት አለመጠየቅ ትልቅነት ነው፤ የጎንደር ደጋ ሽማግሌም ከፍርድ ይልቅ ዕርቅን ያስቀድማል። የብሪጅ ሕግ ግን ማቃኛን የመወሰን ሥልጣን የዳኛው ብቻ ነው፣ ተጫዋቾች ራሳቸው ሊወስኑትም ሊተዉትም አይችሉም ይላል። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ ደግነትን የሚከለክል ይመስላል። ምክንያቱ ቀደም ሲል ልብ እንዲባል በጠየቅነው ነጥብ ላይ ነው፤ ያው ሰሌዳ በሌላ ጠረጴዛም ይጫወቱበታል። በዚህ ጠረጴዛ የተደረገው ምሕረት በዚያ ጠረጴዛ ያለውን ሰው ነጥብ ያዛባል። ይቅር የሚለው ሰው ይቅር የሚለው የራሱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ባልከለከለውም። ሆኖም ሕጉ በሩን ጨርሶ አልዘጋም፤ ያልሳተው ወገን ሲለምንና በቂ ምክንያት ሲኖር ዳኛው ማቃኛውን ሊተወው ይችላል። ተርጓሚው ይህን «ምሕረት» ሳይሆን «መተው» ቢለው ይሻላል፤ ምሕረት በደልን ይጠይቃልና።

በጽሑፉ ላይ ያለን ሌላው ቅሬታ ይህን የሚመለከት ነው። ሕግ አውጪዎቹ ርምጃውን «ማቃኛ» ካሉ በኋላ ተጫዋቾቹን ግን በዳይና ተበዳይ በሚመስል የድሮ አጠራር ትተዋቸዋል። ተሐድሶው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። አማርኛው ይህን ጉድለት መውረስ የለበትም፤ «የሳተው ወገን»ና «ያልሳተው ወገን» ቢባል አጭርም ንጹሕም ነው። «ሳተ» ዒላማውን ማጣትን እንጂ ክፋትን አያመለክትም። ለዳኛውም ይሆናል፤ ዳኛው ራሱ በብይኑ ሲሳሳትና ሊታረም በማይችልበት ጊዜ ሕጉ ሁለቱንም ወገን እንዳልሳተ ይቈጥራል። «ዳኛው በደለ» ወይም «ዳኛው አጠፋ» ብንል ሌላ ክርክር ያስነሣል፤ «ዳኛው ሳተ» ቢባል ግን ዳኛውም ሰው መሆኑን ይናገራል፣ ክብሩንም አይነካም።

ለተርጓሚዎች የመጨረሻውና ከሁሉ የሚከብደው ፈተና የትእዛዝ ግሦች ደረጃ ነው። የሕጉ መግቢያ አምስት ደረጃ ያስቀምጣል፤ ከፈቃድ ይጀምርና፣ አካሄድን ብቻ በሚገልጽ ተራ ግሥ አልፎ፣ ሲጓደል አልፎ አልፎ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ በጣም በብርቱም በሚያስቀጡ የግዴታ ቃላት ይጨርሳል። ችግሩ በአገራችን የሕግ አጻጻፍ ተራው ግሥ ብርቱ ትእዛዝ መሆኑ ነው፤ «ይቀጣል»፣ «ይከፍላል»፣ «ይመለሳል» ሲባል ሌላ አማራጭ የለም። በብሪጁ ሕግ ግን ተራው ግሥ መጓደሉ እንደሚያስቀጣ የማያመለክት ሁለተኛ ደረጃ ነው። የሕግ ትምህርት ያለው ተርጓሚ ሳያውቀው ከሁለተኛው ወደ አምስተኛው ይዘላል። እኛ የምናቀርበው፦ «ይችላል»፣ «ያደርጋል»፣ «ይገባዋል»፣ «አለበት»፣ «ግዴታ አለበት» ነው። በአሉታው በኩል «አይችልም» ዐቅም ማጣትንም ክልከላንም ስለሚያመለክት ፈጽሞ ቢቀር ይሻላል፤ «አይገባውም»፣ «አይፈቀድለትም»፣ «በጥብቅ ተከልክሏል» በቅደም ተከተል ይተኩታል። ይህ ሰንጠረዥ በትርጉሙ መግቢያ ላይ ታትሞ፣ ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው ሳይዛነፍ መጠበቅ አለበት።

ሰንጠረዥ ስንል ቃሉ ራሱ ትምህርት ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር ውስጥ የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን፣ በ1868 በታተመው መጽሐፉ የአገራችንን ሰንጠረዥ አጨዋወት ገልጿል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት ታሪኩን ሰብስቧል። የጨዋታው ስምና «ፈርዝ»፣ «ፊል» የተባሉት ጠጠሮች ከፋርስና ከዐረብ የመጡ ናቸው፤ ማንም ግእዝ ፈልጎ አልቀየራቸውም። የሕጉ ዋና ቃል ግን የራሳችን ሆነ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የሚያንቀሳቅሱበትን ጊዜ አባቶቻችን «ወረራ» አሉት። ዕቃው ተዋሰ፣ ሕጉ ከቤት ወጣ። ከዚያም አልፎ «ሰንጠረዥ» ዛሬ የጨዋታ ብቻ ሳይሆን የአኃዝ መደርደሪያ ስም ሆኖ ያገለግለናል። ስለዚህ «ብሪጅ» ብሪጅ ተብሎ ቢቀር አይከፋንም፤ የሚከፋን «ዝንፈት»ን «ጥፋት»፣ «ማቃኛ»ን «ቅጣት» ብለን በእጃችን ያለውን ሚዛን ብናጣ ነው።

በጠቅላላው ሲታይ የ2017ቱ ሕግ ለስያሜ ባለሙያ የሚጠቅም፣ በብዙ ቦታ የተጣራ፣ በጥቂት ቦታ የተጓደለ ጽሑፍ ነው። ጥቅሙ ለካርታ ተጫዋች ብቻ አይደለም። የመሥሪያ ቤት መተዳደሪያ ደንብ፣ የማኅበር ውስጠ ደንብ፣ የፈተና አሰጣጥ መመሪያ የሚያዘጋጁና የሚተረጕሙ ሁሉ ስሕተትን ከበደል፣ ማቃናትን ከመቅጣት መለየት ይጠበቅባቸዋል። በእነዚህ ደንቦች ውስጥ የአማርኛው ቃል ሲዛነፍ የሚጐዳው ነጥብ ሳይሆን ደመወዙ፣ አባልነቱ፣ ትምህርቱ የሚወሰንበት ሰው ነው። ተርጓሚው «ጥፋት» ብሎ ሲጽፍ ሰውየው ገና ሳይጠየቅ ተፈርዶበታል። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ባልደረቦቻችን በ«ጥፋት» ሥር የተከመሩትን ፍቺዎች ሲለያዩ፣ «ዝንፈት»፣ «ጥሰት»፣ «ማቃኛ»ና «ሳተ» እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታና የአገባብ ምሳሌ እንዲያገኙ እንጠይቃለን።